ያረጁ የናፍጣ ሞተሮች አመል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች የሚጠይቁ ናቸው። ጠያቂዎቹ የጀልባ ባለቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛ፣ የጋራዥ ረዳትና የዶዘር ኦፕሬተር ሆነው ሥራቸው ቢለያይም፣ በየደብዳቤው ውስጥ «መካኒኩ ሞተሩ መውረድ አለበት ብሎኛል» የሚል ቃል ይደጋገማል። ሞተር አውርዶ ማደስ የባለቤቱን የብዙ ወራት ገቢ የሚወስድ ውሳኔ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የግድ ነው። ነገር ግን አሮጌ የናፍጣ ሞተር የሚያሳየው እንግዳ ጠባይ ሁሉ የእርጅና ምልክት አይደለም። አብዛኛው ከአየሩ፣ ከናፍጣው ወይም ከሙቀቱ የሚመጣ በመሆኑ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ከመከፈቱ በፊት እነዚህ ሦስቱ በትዕግሥት መመርመር አለባቸው ብለን እናምናለን። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጠያቂዎቹንም ስም ትተን እንደሚከተለው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ «በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጎብኚዎችን ከአሞራ ገደል ተነስቼ ጉማሬ ወደሚታይበት አካባቢ የማመላልስበት ጀልባ አለኝ። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ 4.236 ሲሆን፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራ ከነበረ ጀልባ የወረደ ነው። እዚያ ሲነሳ አይቼዋለሁ፤ ጭስ አልነበረውም። እዚህ ግን ነዳጅ ስጨምርለት ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ጉልበቱም ያንሳል። ዘይት አይጎድልም፤ ጠዋትም በቀላሉ ይነሳል። ሁለት መካኒኮች ፋሻው አልቋልና ይውረድ አሉኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሞተሩ አይውረድ። የነገሩን ምልክት ከተሰጠዎት ምክንያት ጋር አይገጥምም። ፋሻው፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ማተሚያ ቀለበት፣ ያለቀ ሞተር ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ስለሚያሳልፍ ጭሱ ወደ ሰማያዊነት ያደላል፤ የዘይቱ መጠን በየጊዜው ይቀንሳል፤ የእመቃ ኃይሉም ስለሚደክም ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። የእርስዎ ሞተር ከእነዚህ አንዱንም አላሳየም። ጥቁር ጭስ የሚወጣው የተረጨው ናፍጣ በሲሊንደሩ ውስጥ ካለው አየር ጋር ሳይመጣጠን ቀርቶ፣ በደንብ ያልተቃጠለው ካርቦን ጥላሸት ሆኖ ሲወጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አየሩ የት ቀረ የሚለው ነው።

የአየሩ ጉዳይ ከከተማችን ከፍታ ይጀምራል። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ይህ ለሞተርዎ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። 4.236 የሚለው ስያሜ አራት ሲሊንደርና 236 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ሲሆን፣ በሊትር 3.86 ያህል ይሆናል። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚስብ፣ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲሽከረከር በስሌት 3,860 ሊትር አየር ይወስዳል። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ከሆነ ይህ አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ 4.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሐዋሳ ላይ ግን 3.7 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ናፍጣውን የሚለካው ሜካኒካዊው ፖምፓ ይህን ለውጥ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ለወደቡ አየር የተለካውን ናፍጣ እዚህም ሳይቀንስ ይረጫል። ትርፍ የሆነው ናፍጣ ነው እንግዲህ በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ የሚወጣው። ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ጉድለቱን በከፊል ይሸፍኑታል፤ የእርስዎ ግን አየሩን በራሱ የሚስብ ነው።

ከፍታው በራሱ ብዙ ጭስ ባያመጣም ሌሎች ጥቃቅን ጉድለቶች ሲጨመሩበት ይገናል። በጀልባ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሞተሩ የተቀመጠበት ሣጥን ነው። ድምፁ እንግዶችን እንዳይረብሽ ተብሎ በጣውላና በስፖንጅ በሚገባ ሲታሸግ፣ ሞተሩ የራሱን የጋለ አየር መልሶ ይስባል፤ የጋለ አየር ደግሞ ከቀዝቃዛው የበለጠ የሳሳ ነው። ምርመራው ቀላል ነው። ሰው ሳይጭኑ ወደ ሐይቁ መሐል ይውጡና ሞተሩን በሙሉ ነዳጅ እያስሮጡ ረዳትዎ የሣጥኑን ክዳን እንዲያነሳ ያድርጉ። ጭሱ ወዲያው ከሳሳና የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ፣ መፍትሔው ለሣጥኑ ሰፋ ያለ የአየር ማስገቢያ መክፈት ነው።

ሁለተኛው ፕሮፔለሩ ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም እሱን ነው። ለባሕር ወለል ጉልበት የተመረጠ ፕሮፔለር፣ ጉልበቱ በስድስተኛ እጅ ገደማ ለቀነሰ ሞተር ይከብደዋል። ጀልባው በተለመደው ጭነቱ በሙሉ ነዳጅ ሲሄድ ሞተሩ አምራቹ በሰሌዳው ላይ ከጻፈው ዙር የማይደርስ ከሆነ፣ ከአቅሙ በላይ እየጎተተ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የምላጮቹ ዝንባሌ የቀነሰ ወይም ስፋቱ ያነሰ ፕሮፔለር መግጠም ያስፈልጋል። ይህ ጭሱን ከማጥፋት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ለዓመታት ከአቅሙ በላይ የጎተተ ሞተር ብሮንዚናውን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ሽፋን) እና ፒስተኑን ይጎዳልና።

እነዚህ ተስተካክለው ጭሱ ካልጠፋ ፖምፓውንና ኖዝሎቹን (ናፍጣ መርጫዎቹን) ወደ መለኪያ ቤት ይውሰዱና የሙሉ ነዳጅ መጠኑ ለዚህ ከፍታ እንዲቀነስ ይጠይቁ። የፖምፓው ብሎን በአምራቹ የታሸገው ያለ መለኪያ እንዳይነካ ስለሆነ፣ በዓይን ግምት ማዞሩን አንደግፍም። ሆኖም ናፍጣ ቢቀነስ ጭሱ ይጠፋል እንጂ በከፍታ የጎደለው ጉልበት እንደማይመለስ ከወዲሁ ይወቁት።

ጥያቄ፦ «የምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ አሮጌ ባለ ሁለት ሲሊንደር ጄኔሬተር አለው። ባለፈው የአየር ማጣሪያውን በናፍጣ አጥበን አዲስ ዘይት ሞላንበት። ከዚያ ስናስነሳው ለጥቂት ጊዜ ደህና ሠርቶ በድንገት ድምፁ እየጨመረ፣ ነጭና ሰማያዊ ጭስ ግቢውን እስኪሞላው ድረስ ሮጠ። ማጥፊያውን ብንስብ፣ የናፍጣውን ቧንቧ ብንዘጋ አልቆም አለ። በመጨረሻ የጥበቃ ሠራተኛው ጋቢውን አውልቆ የአየር መሳቢያው ላይ ሲጥለው ጋቢው ግማሽ ድረስ ተስቦ ገባና ሞተሩ ተንተፋትፎ ቆመ። ምን ሆኖ ነው? ደግሞስ መልሰን ብናስነሳው ያው ይደርስብናል?»

መልስ፦ የጥበቃ ሠራተኛው ያደረገው ነገር ሞተሩን አድኖታል፤ እጁን ይዞት ሊገባ ይችል ስለነበር ግን እንዳይደገም እንለምናለን።

የሆነውን ለመረዳት የናፍጣ ሞተር ፍጥነቱ በምን እንደሚወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር የሚገባውን አየር የሚገድብ መዝጊያ ስላለውና ለማቀጣጠልም የካንዴላ እሳት ስለሚሻ፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ይጠፋል። አሮጌው የናፍጣ ሞተር ይህ ሁሉ የለውም። አየሩን ያለ ገደብ ይስባል፤ አየሩን ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ሲያምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በዚያ የጋለ አየር ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ተቀጣጣይ ነገር በራሱ ይነዳል። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ፖምፓው የሚረጨው የናፍጣ መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ነዳጅ በሌላ በር ከገባለት ፖምፓውም፣ ማጥፊያ ገመዱም፣ የናፍጣ ቧንቧውም ምንም ሥልጣን የላቸውም።

በእናንተ ሞተር ነዳጁ የገባው በአየር ማጣሪያው በኩል ነው። የድሮ ማጣሪያዎች አብዛኞቹ ከሥራቸው የዘይት ሳህን አላቸው፤ አየሩ ዘይቱን እየነካ ሲያልፍ አቧራው እዚያ ይቀራል። በሳህኑ ጎን ላይ የዘይቱ ልክ የሚታወቅበት መስመር ወይም እርከን አለ። ዘይቱ ከዚህ መስመር ካለፈ፣ ወይም ከላይ ያለው የሽቦ መረብ ከታጠበበት ናፍጣ በሚገባ ሳይደርቅ ከተገጠመ፣ የሞተሩ ስበት ዘይቱንና ናፍጣውን በጠብታ መልክ ወደ ሲሊንደሩ ይወስደዋል። ሞተሩ በዚህ ሲፈጥን ስበቱ ይበረታል፤ ስበቱ ሲበረታ ደግሞ ተጨማሪ ዘይት ያነሳል። በዚህ ሁኔታ የሚቆመው ዘይቱ ሲያልቅ፣ አየር ሲያጣ ወይም ውስጡ ሲሰበር ነው።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ፋሻው ባለቀ ሞተር ከካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ቋት) በመተንፈሻው ቱቦ የሚወጣው የዘይት ጉም ወደ አየር መሳቢያው ሊገባ ይችላል፤ ቱርቦ ባላቸው ሞተሮች የቱርቦው ማኅተም ሲበላ ዘይት ያሳልፋል፤ ካርተሩ ከልክ በላይ ዘይት ሲሞላም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ቤንዚን ወይም የምግብ ማብሰያ ጋዝ በፈሰሰበት ዝግ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሞተርም አየር መስሎት ነዳጅ ሊስብ ይችላል፤ ጄኔሬተርና የጋዝ ሲሊንደር በአንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ የማይገባው በዚህም ምክንያት ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ የፖምፓው መቆጣጠሪያ ሙሉ ነዳጅ ላይ ተነክሶ ሲቀር የሚመጣው ነው፤ እሱ ግን ናፍጣው ሲዘጋ ይቆማል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በጀልባና በከባድ ማሽን ላይ ያገለገለውና እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው ባለ ሁለት ምቱ ዲትሮይት ዲዝል 71 ሞተር፣ ከመደበኛው ማጥፊያ ሌላ በአየር መሳቢያው ላይ የአደጋ መዝጊያ ይደረግለት የነበረው ይህ አደጋ በደንብ የታወቀ ስለነበረ ነው።

ለእናንተ የምንመክረው ይህን ነው። ማጣሪያውን አውርዳችሁ ሳህኑን እስከ መስመሩ ብቻ ሙሉ፤ መረቡ አንድ ሌሊት ይንጠፍጠፍ። ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ ፈትታችሁ የተጠራቀመውን ዘይት በጨርቅ አድርቁ። የካርተሩንም ዘይት መጠን ተመልከቱ። ከዚያ የመሳቢያውን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ስበቱ የማይሰብረው ወፍራም ጣውላ ወይም ላሜራ ቆርጣችሁ፣ አንድ ፊቱ ላይ ጎማ ለጥፋችሁ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ስቀሉት። እንደገና ስታስነሱ አንድ ሰው ማጣሪያው ወልቆ ጣውላውን ይዞ ይቁም፤ የሚቆምበትም ቦታ ከሞተሩ ፊት ወይም ኋላ እንጂ በቮላኖው (በከባዱ መሽከርከሪያ መዘውር) ጎን አይሁን፤ የሚሰበር ነገር የሚወረወረው ወደዚያ ነውና። የካርቦን ዳይኦክሳይድ የእሳት ማጥፊያ ካላችሁ በመሳቢያው በኩል መልቀቅም ሞተሩን ያቆመዋል። የሮጠው ሞተር ከመነሳቱ በፊት ግን በእጅ ቀስ ብሎ ይዙር፤ የሚይዝ ወይም የሚንኳኳ ነገር ካለ መካኒክ ይየው። በዚህ ጊዜ «ይውረድ» ቢባል ትክክለኛ ምክር ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነኝ። ናፍጣ ያለቀበትን ትራክተር ስፑርጎ አድርግ (አየሩን አስወጣ) ተብዬ የእጅ ፖምፓውን ምላስ ብገፋው ምንም አይሰማኝም፤ እንዲሁ ልል ሆኖ ይመለሳል። አለቃዬ ፖምፓው ሞቷል ብሎ ሊቀይረው ነው። ግን ትላንት ይሠራ ነበር።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያላመንክበት ምክንያት ትክክል ነው። በሞተሩ ጎን ያለው ይህ ትንሽ ፖምፓ የሚሠራው በውስጥ ባለው የካም ዘንግ እብጠት እየተገፋ ነው። ሞተሩ ሲቆም እብጠቱ ፖምፓውን ገፍቶ ይዞት ከቀረ፣ የእጁ ምላስ የሚገፋው ነገር ስለማይኖር ልል ይሆናል። ሞተሩን አንድ ዙር አዙረውና እንደገና ሞክር፤ ምላሱ ክብደት ከተሰማው ፖምፓው ጤነኛ ነው።

ከዚያ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላልተህ፣ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወርድ ግፋ፤ ቀጥሎ በዋናው ፖምፓ ላይ ያሉትን እንዲሁ አድርግ። በመጨረሻ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ዳዶ ትንሽ አላልተህ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እየመታህ ናፍጣው ሲደርስ አጥብቅ። በዚህ ጊዜ ጣትህ ወደ ቱቦው ጫፍ እንዳይጠጋ አደራ። በዚያ በኩል የሚወጣው ናፍጣ ከ100 ባር የሚበልጥ ግፊት ስላለው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ጥያቄ፦ «ከድሮ መንግሥታዊ የመንገድ ሥራ የተረፈ ካተርፒላር ዲ8 ዶዘር ላይ ኦፕሬተር ነኝ። ዋናውን ሞተር የሚያስነሳው በጎኑ ያለ ትንሽ ባለ ሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። ባለቤቱ ትንሿን ሞተር አስወጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ሊተካት አስቧል። እኔ ግን እወዳታለሁ። ማን ትክክል ነው?»

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ ደስ አሰኝቶናል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በአገራችን መንገድ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ከባድ ማሽኖች መካከል እንዲህ ያሉ ዶዘሮች ነበሩ፤ ዛሬም በእጃቸው የሚያውቋቸው ሰዎች መኖራቸው መልካም ነው።

ካተርፒላር የመጀመሪያውን የናፍጣ ትራክተር እ.ኤ.አ. በ1931 ሲያወጣ ጀምሮ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ለማስነሻነት ገጥሞለታል። በወቅቱ የነበሩት ባትሪዎች ያን የሚያህል ሞተር ለማዞር አቅም አልነበራቸውም። ትንሿ ሞተር ግን ከማዞር የበለጠ ሥራ አላት። የማቀዝቀዣ ውሃዋ ከዋናው ሞተር ጋር አንድ ስለሆነ እሷ ስትሞቅ ትልቁም ይሞቃል፤ የጭስ ማውጫዋ በዋናው ሞተር የአየር መሳቢያ ውስጥ ስለሚያልፍ የሚገባው አየር ይለዝባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሲሊንደሮቹ አየሩን እንዳያምቁ የሚያደርገው የእመቃ ማላሊያ ተስቦ ናፍጣው ሳይከፈት ትልቁን ሞተር ለደቂቃዎች ልታዞረው ትችላለች። በዚህ ጊዜ የዘይት ግፊት መለኪያው መርፌ ሲነሳ ታየዋለህ፤ ብሮንዚናዎቹ የመጀመሪያው እሳት ከመንደዱ በፊት ዘይት አግኝተዋል ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ በተከታታይ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከሠራ ራሱ ይጋላል። በሐዋሳ ሙቀት ልዩነቱ ብዙ ላይታይ ይችላል፤ ማሽኑ ወደ ሐገረ ሰላም ደጋ ወጥቶ ሌሊቱን ካደረ ግን ጠዋት በደንብ ይታወቃል።

ባለቤቱ የሚያማርረው ግን ያለ ምክንያት እንዳልሆነ እንገምታለን። ትንሿ ሞተር የምታስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ልማድ ነው፦ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ የቤንዚን መክፈቻዋ ሳይዘጋ ይቀራል። የካርቡራተሩ መርፌ አሮጌ ስለሆነ ቤንዚኑ ቀስ እያለ ይወርድና ወደ ካርተሯ ገብቶ ዘይቷን ያቀጥነዋል። በቀጠነ ዘይት የሮጠች ሞተር በጥቂት ወራት ትበላሻለች፤ በካርተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ተንም ለእሳት አደጋ ይዳርጋል። ስለዚህ ማጥፊያውን ከመንካት ይልቅ የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጋና በካርቡራተሩ የቀረውን አቃጥላ ራሷ ትጥፋ። የራሷ የሆነ የዘይት ክፍል ስላላት በዋናው ሞተር ሰርቪስ ጊዜ እንዳትረሳ፤ ከመጠቀምህም በፊት ዘይቷን አሽትተው። ዋናው ሞተር ሲነሳ የማስነሻው ጥርስ ወዲያው መላቀቁን አረጋግጥ፤ ካልተላቀቀ ትልቁ ሞተር ትንሿን ከአቅሟ በላይ ያሽከረክራታል።

በክረምት ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመው የጭስ ማውጫ አፍ በጣሳ ይከደን። ሳይከደን ያደረ ማሽን ውስጥ የዝናብ ውሃ በተከፈተ ቫልቭ አልፎ ፒስተን ላይ ይቀመጣል፤ ውሃ ስለማይታመቅም ሞተሩ በኃይል ሲዞር ቢየላውን (የፒስተኑን ክንድ) ያጣምመዋል። እዚህም ትንሿ ሞተር ባለውለታ ናት፤ እመቃው ተለቆ በዝግታ ስታዞረው ውሃው ያለ ጉዳት ይወጣል። ዕቃዋ የተሟላ ከሆነና ማግኔቶዋ እሳት የሚሰጥ ከሆነ አትውጣ እንላለን።

ጥያቄ፦ «አሮጌ የጭነት መኪናዬ በዳገት ላይ ጠፍታ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ትንሽ ወደ ኋላ ስትንሸራተት ራሷ ተነሳች። ግን ጭሱ በማርሚታው ሳይሆን በአየር ማጣሪያው ይወጣ ጀመር፤ ድምፇም ሌላ ሆነ። ረዳቴ ጋኔን ነው አለ።»

መልስ፦ ጋኔን አይደለም፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነበር። ካንዴላ የማያስፈልገው ሜካኒካዊ የናፍጣ ሞተር በተቃራኒው አቅጣጫ በኃይል ከተገፋ አንዳንዴ በዚያው ይነሳል። በዚህ ጊዜ የቫልቮቹ ተራ ስለሚገለበጥ አየሩን በጭስ ማውጫው ይስብና ጭሱን በማጣሪያው ይለቃል። የሚያሳስበው ጭሱ አይደለም፤ የዘይት ፖምፓውም አብሮ ወደ ኋላ ስለሚዞር ዘይት ወደ ብሮንዚናዎቹ መድረሱ ያቆማል። ማጥፊያውን ወዲያው ይሳቡ፤ እምቢ ካለ ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ያንቁት። ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ከሆነ የአየር ማጣሪያውን አጽድተው ሥራዎን መቀጠል ይችላሉ። ለደቂቃ ያህል ሮጦ ከሆነ ግን ካርተሩ ወርዶ ብሮንዚናው ይታይ።

ጥያቄ፦ «በማኅበር የምንጠቀምበት የዓሣ ጀልባ ሞተር ሁለት ነገር አመጣብን። አንደኛ፣ የሙቀት መለኪያው ገና 95 ሳይደርስ ውሃው ይንተከተካል። ሁለተኛ፣ ዘይቱ በመቀነስ ፈንታ ይጨምራል። ዘይት የማይበላ ጎበዝ ሞተር ነው ብለን ነበር፤ አሁን ግን ፈራን።»

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ መፍራታችሁም ለሁለተኛው ይገባል።

ውሃው በ95 መንተክተኩ በሐዋሳ ተፈጥሯዊ ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የማቀዝቀዣው ክዳን ግፊት የሚይዝ ዓይነት ሆኖ የግማሽ ባር ምንጩ ጤነኛ ከሆነ ግን ውሃው እስከ 105 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ የክዳኑን ጎማ ተመልከቱ፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀየር። ሞተሩ የሐይቁን ውሃ እየሳበ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ ከጀልባው ሥር ያለው ወንፊት በሣርና በአልጌ አለመዘጋቱን በየዕለቱ እዩ፤ በተለይም በጥቁር ውሃ መግቢያ በኩል ሣር ውስጥ ካለፋችሁ።

ዘይት የሚጨምር ሞተር የለም፤ የጨመረው ሌላ ነገር ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ጠብታውን በጣታችሁ መካከል አሹት። ወደ ነጭነት ከተለወጠ ውሃ ገብቶበታልና ሞተሩ አይነሳ። ጥቁር ሆኖ ከቀጠነና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ በአሮጌ ሞተሮች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ናፍጣ ከታንኩ የሚስበው ትንሹ ፖምፓ ነው። በውስጡ ያለው የጎማ ስስ ሽፋን ሲቀደድ ናፍጣው በቀጥታ ወደ ካርተሩ ይወርዳል። ይህ ዘይቱን ከማቅጠኑ በላይ፣ ካርተሩ ሲሞላ ከላይ ለእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛ የገለጽነውን ሩጫ ሊያመጣ ይችላል፤ መካከለ ሐይቅ ላይ ደግሞ ሸሽቶ የሚወጡበት ቦታ የለም።

ለማረጋገጥ መጀመሪያ ዘይቱን ቀይሩ። ከዚያ ጀልባው ታስሮ እንዳለ የትንሹን ፖምፓ ቱቦዎች ፈትታችሁ ጫፋቸውን ድፈኑ፤ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጋችሁ በማሰር ናፍጣው በራሱ ክብደት ወደ ፊልትሮው እንዲወርድ አድርጉ። በዚህ ሁኔታ ለጥቂት ሰዓታት ሠርቶ የዘይቱ ልክ ካልተነሳ ጥፋተኛው ትንሹ ፖምፓ ነውና ይቀየር። አሁንም ከጨመረ የዋናው ፖምፓ ዘንግ ማኅተም፣ ወይም የኖዝል መመለሻ ቱቦው በቴስታታው ክዳን ሥር በሚያልፍባቸው ሞተሮች ያ ቱቦ ይፈተሽ። ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው እንደገና ይቀየሩ፤ ለሙከራው የተሞላውም ዘይት ናፍጣ ሳይገባበት እንዳልቀረ ቁጠሩት።